ምዕራብ ጎጃምን በሰባት ሰዓት ለጨረሱልን ኃላፊ

ይድረስ «ምዕራብ ጎጃም በአንድ ቀን» ለተሰኘው የመኪና ጉዞ መመሪያ ዝግጅት ክፍል ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣

ጀርባዎ ከወንበርዎ፣ ዓይንዎ ከካርታዎ ሳይለይ ሙሉ ጤና እንዲሰጥዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ ከሞት በመለስ ደህና ነን።

ያምሮት ሀብተሚካኤል እባላለሁ፤ ፍኖተ ሰላም በሚገኝ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ወንዳወቅ የዚያው ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሲሆን፣ ከሥራው የተነሣ የታተመን ነገር ሁሉ ያምናል። በተጋባን በዘጠነኛው ዓመት፣ ባለፈው ጥቅምት፣ የሦስት ቀን ፈቃድ አገኘንና የወንድሙን ኮሮላ ተውሰን አገራችንን ለማየት ተነሣን። እኔ ለሦስቱም ቀን ዕቅድ አውጥቼ ነበር። የእርስዎ መመሪያ ግን ቡሬን፣ የፈጣምን ፏፏቴ፣ ግሽ ዓባይንና መራዊን አሳይቶ በሰባት ሰዓት ጉዞ ባሕር ዳር የሚያደርስ ሆኖ ስላገኘነው፣ የቀሩትን ሁለት ቀኖች ሐይቅ ዳር ለማረፍ ስንል የእኔን ዕቅድ ቀደን ጣልነው። ስለ ተረፈልን ጊዜ በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ቅሬታ ማለት ስለሚከብደኝ፣ የተማርኩትን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፦ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ «ሠላሳ ደቂቃ» ብለዋል። በዚያ ጠዋት ግን ባጃጁ፣ ጋሪው፣ በቆሎ የጫነው አህያና ከቅዳሴ የሚመለሰው ምእመን መመሪያዎን ስላላነበቡ መንገዱን ለቀው አልጠበቁንም። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብን።

፪ኛ፦ ለፈጣም ፏፏቴ «ፎቶ ማንሻን ጨምሮ ዐሥራ አምስት ደቂቃ» ፈቅደውልናል። ውሃው ራሱን ገደል ላይ ሲፈጠፍጥ እያየ ወንዳወቅ ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሱ ታየ፤ እኔም ሰዓቴን አየሁና «በቃ፣ ና ግባ» አልኩት።

፫ኛ፦ ከጥሊሊ ግሽ ዓባይ ወዳለበት ወደ ሰከላ የሚታጠፈውን የጠጠር መንገድ «አርባ ደቂቃ የሚያዝናና» ብለውታል።

ከዚህ በኋላ ላለው ቁጥር መስጠት ስላልቻልኩ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

መሪውን የያዘው ወንዳወቅ ነው፤ መመሪያውን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ደቂቃ የምቆጥርለት ግን እኔ ነበርኩ። «ሃምሳ ደቂቃ ወደኋላ ቀርተናል፤ ትንሽ ጠበቅ አድርገው» አልኩት። ጠበቅ አደረገው። አንዱን ኩርባ ስንዞር የፈረስ ጋሪ መንገዱን ሞልቶ ወደ ገበያ ሲወርድ ተገጣጠምን። ፍሬኑ ያዘ፤ ጠጠሩ ግን አልያዘም። የፈረሱ ደረት ከመኪናው ጋር ሲላተም እንደ ደረቅ ግንድ ተሰነጠቀ፤ ደሙ መስታወቱን አለበሰው። ጋሪው ተገለበጠና ባለቤቱ አያ ገነነ፣ የስድሳ ስድስት ዓመት ገበሬ፣ ከሥሩ ቀሩ፤ የቅልጥማቸው አጥንት ሱሪያቸውን ቀዶ ወጥቶ ነበር። ፈረሱ ወዲያው አልሞተም። በፊት እግሮቹ ለመነሣት እየታገለ ይጮህ ነበር።

ገበያተኛው ከየአቅጣጫው ተሰበሰበ። ወንዳወቅን በኮሌታው ጎትተው አወጡት። የመጀመሪያው ዱላ ክንዱን ሰበረው፣ ሁለተኛው ጆሮው ላይ አረፈ፤ ሦስተኛውን አልቆጠርኩም። አንዱ ድንጋይ አንሥቶ የፊት መስታወቱን አደቀቀው። እኔም ባሌ ላይ ተደፍቼ በጀርባዬ ሁለት በትር ተቀበልኩ። አልፈርድባቸውም፤ እነሱ ያዩት ሽማግሌያቸው ደም ሲዘራ ነው።

ዱላውን ያስቆሙት ራሳቸው አያ ገነነ ናቸው። ከጋሪው ሥር ሆነው «ተዉ! እኔን ሳታነሡ እሱን ልትገድሉ ነው? ሬሳ ጋሪ አያነሣልኝም!» ብለው ጮሁ። የተሰነዘረው ሁሉ አየር ላይ ቀረ። ጋሪውን ሲያነሡላቸው «ፈረሴን ገላግሉት» አሉ። አንድ ሰው በመጥረቢያ ገላገለው፤ ስለ እግራቸው ያላለቀሱት ሰውዬ ያኔ አለቀሱ።

መንጃ ፈቃድ ቢኖረኝም ከከተማ ወጥቼ ነድቼ አላውቅም ነበር። ባሌን ከፊት አስቀምጬ፣ አያ ገነነን ከኋላ አስተኝቼ መሪውን ያዝኩ። እኔን በበትር ከመቱኝ አንዱ፣ ግዙፍ ቁመና ያለው ጎልማሳ፣ አብሮን ገብቶ የሽማግሌውን እግር በኩታው አስሮ ጭኑ ላይ አቀፈው፤ በየጉድጓዱም «ቀስ በይ እቴ፣ ቀስ» ይለኝ ነበር። ሐኪም ቤት እስክንደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ነዳሁ። መስታወት በሌለበት በኩል የኑጉ ማሳ ቢጫ ሆኖ፣ ጤፉ አሽቶ ይታይ ነበር። ያን አገር በሚታይበት ፍጥነት ያየሁት ያኔ ነው፤ የደም ሽታ ባይኖርበት ኖሮ መልካም ሽርሽር ነበር።

የአያ ገነነ እግር ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ወንዳወቅ በግራ ጆሮው አይሰማም። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ በፈረሱ ፋንታ ፈረስ ገዝተን ሰጠናቸው፤ አያ ገነነም የወንዳወቅን ግንባር ስመው ይቅር አሉን። እኔ ግን ራሴን ይቅር ስላላልኩ ቢሮዎ ደወልኩ። አንዲት ትሑት ሠራተኛዎ ሰዓቱ የተለካው በካርታ እንጂ በመኪና እንዳልሆነ፣ ቀሪውን «አንባቢው እንደየሁኔታው እንደሚያስተካክለው»፣ መመሪያውም በመወደዱ ሳይለወጥ ዳግም ሊታተም መሆኑን አብራራችልኝ። አስተካክለነዋል ብለው ይንገሯት።

እንግዲህ ለሁለተኛው እትም ትንሽ ልመና አለኝ። ደቂቃዎቹን ሁሉ ይሰርዙልንና ሦስት ቀን ብለው ይጻፉ፤ የመጀመሪያው ቀን ቡሬና ፈጣም፣ ሁለተኛው ግሽ ዓባይ ብቻ፣ ሦስተኛው መራዊን ይዞ እስከ ሐይቁ። የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ ቁሙ ይበሉን። ይህ ወረቀቱን ያስረዝምብዎታል ብዬ አልሰጋም።

በመቀመጫዎ ጽናት የምትቀና፣ አገሯን በእርስዎ በኩል ለማየት የቸኮለች፣ ቸኩላም ያየችውን የማትረሳ አክባሪዎ፣

ያምሮት ሀብተሚካኤል
ከፍኖተ ሰላም

ተጨማሪ፦ በመመሪያዎ መጨረሻ ገጽ ለአንባቢ አስተያየት ሁለት መስመር ትተዋል፤ እኔ አልፌያቸዋለሁና ይቅር ይበሉኝ። አያ ገነነ ግን መጻፍ ስለማይችሉ በቃል የላኩብኝ ከአንድ መስመር አይበልጥም፦ «ያን መንገድ የጻፈው ሰው እስኪ በእግሩ ይምጣ፤ እሱ ሁለቱም አሉት።»