ሪባን የታሰረበት መጸዳጃ ቤት

ለተከበሩ የከተማው መናፈሻዎች ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና፣ ለኩላሊትዎ ደግሞ የተለየ ደህንነት ከልብ እመኛለሁ።

በእርስዎ፣ በእኔና በአንባቢዎቼ መካከል ይቅር እንጂ፣ ባለፈው እሑድ በታሪካዊው መናፈሻችን ውስጥ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ቀሚሴን አረጠብኩ። ለምራቴ ሻይ ፈሶብኝ ነው አልኳት። ሻይ አልያዝኩም ነበር። ይህ የደረሰብኝ አዲስ ባሠሩት መጸዳጃ ቤት ደጃፍ ላይ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

፩. ቤቱ ከድሮዎቹ ሕንፃዎች ጋር እንዲመሳሰል በጥርብ ድንጋይ ስላሠሩት፣ የቅርሱን ገጽታ ያበላሻል ብለውም አንዲት ምልክት እንኳ እንዳይለጠፍበት ስላዘዙ እናመሰግናለን። ሙሽሮች በሩን ተደግፈው ፎቶ ይነሣሉ። ቤተ መዘክር መስሏቸው እኮ ነው!

፪. አጥሩ ላይ በሰቀሉት ፕላን መሠረት ለወንዶች ስምንት፣ ለሴቶች ሁለት መቀመጫ ተመድቧል። የንድፍ ኮሚቴው አባላት ዘጠኝ ወንዶች መሆናቸውን ስሰማ ሒሳቡ ገባኝ። ወደ በሩ ስለሚያስወጡት አምስት የድንጋይ ደረጃዎች ደግሞ ባለምርኩዙ አባቴ ሰላምታ ልከውልዎታል፤ ከታች ሆነው።

፫. ለነገሩ ውስጡን መቼ አየነውና! ሥራው ካለቀ ስምንት ወር ሆኖታል፤ የበላይ አለቃዎ መጥተው እስኪመርቁት ተብሎ ግን እንደተቆለፈ ነው። በሩ ላይ የታሰረው ቀይ ሪባን ፀሐይ በልቶት ነጥቷል። ጥበቃውን ብለምነው፣ «እትዬ፣ ሪባኑ ከተቆረጠ የእኔም ደሞዝ አብሮ ነው የሚቆረጠው» አለኝ።

፬. መናፈሻውን አሥራ አራት ዓመት የጠረገች ጎረቤት አለችኝ። አዲሱ ተሠርቷል ተብሎ የድሮው መጸዳጃ ከፈረሰ ወዲህ፣ በሥራ ቀን ውሃ መጠጣት ትታለች። ቁጥቋጦ ሥር ቁጢጥ እንዳትል መናፈሻው በሰው ተሞልቷል፤ ካፌ እንዳትገባ የጽዳት ልብሷን አይተው ከበር ይመልሷታል። ባለፈው ሳምንት ኩላሊቷ አልችል ብሎ፣ መጥረጊያዋን እንደያዘች ወደቀች። የወደቀችውም ያንኑ የተቆለፈ ቤት ደረጃ ስትጠርግ ነው። እዚህ ላይ እንደ ወጉ አመሰግናለሁ ልል ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህ ግፍ ነው።

በታላቅ አክብሮት፣ በተወጠረ ፊኛና በተሟጠጠች ትዕግሥት፣
ታዛዥዎ፣ የዚህ ገጽ ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ ጎረቤቴ ሰኞ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሐኪሟ በቀን ሁለት ሊትር ውሃ እንድትጠጣ አዟታል፤ እኔም አጠጣታለሁ። ረፋዱ ላይ ወዴት እንደምትሄድ በጽሑፍ ቢያሳውቁን ደስታችን ነው። መልስዎን ቃል በቃል አትመዋለሁ፤ ዝም ካሉም ለዝምታዎ በስምዎ ሥር ሙሉ ባዶ ገጽ እለቅለታለሁ።