አለመሞቴን ስለማሳወቅ

ለክቡር ሚስተር ሙሪዩንጊ
የኪቩሊ የጤና መድን ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ናይሮቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ከሐይቁ ዳርቻ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እስከ ሾፌርዎ ድረስ ጤናችሁ የተሟላ እንዲሆን፣ አንጀታችሁ እንዳይቋጠር፣ መቋጠሩ የግድ ከሆነም በሥራ ቀንና በሥራ ሰዓት እንዲሆንላችሁ ከልቤ እመኛለሁ። ለምን እንዲህ ብዬ እንደተመኘሁ ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይገባዎታል።

ኦፒዮ ራዲዶ እባላለሁ። በድርጅትዎ መዝገብ ሞቻለሁ። በቤቴ ግን ይህን በምናገርበት ሰዓት ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ዓሣ በኡጋሊ፣ በበቆሎ ገንፎአችን፣ እየበላሁ ነው። ፊደል ስላልቆጠርኩ የምናገረውን የምትጽፍልኝ የዳርቻችን የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጸሐፊ ናት፤ ቃሌን እንዳታለሰልስ አስምያታለሁ። አለመማሬን ግን እንደ ውርደት እንዳያዩብኝ። ጀልባ ሠሪ ነኝ፣ የሠራሁት ጀልባ ውሃ አያስገባም። የእናንተን ውል ሦስት የተማሩ ሰዎች አንብበውልኝ ሦስቱም የተለያየ ነገር ነግረውኛል።

እኔና ወንድሜ ኦዶንጎ መንታ ነን። በእኛ በሉዎዎች ዘንድ ከመንታ ቀድሞ የወጣው ኦፒዮ፣ ተከትሎ የመጣው ኦዶንጎ ይባላል። መልካችን ካለመለያየቱ የተነሳ እናታችን እንኳ አንዳችንን ሁለቴ አብልታ ሌላችንን ጦም ታሳድር ነበር። ልጄ አኬዮ ናይሮቢ በአንድ የጭነት ድርጅት ስትቀጠር አሠሪዋ ወላጆቿን ጭምር በእናንተ ዘንድ አስመዘገበ። የኦዶንጎ ልጆች እንደ አባታቸው መረብ ጣዮች ናቸው። ስለዚህ እኔ የእናንተ ሆንኩ፣ እሱ የመንግሥት ሆኖ ቀረ። በአንድ ማህፀን ተጣብቀን የተኛን ሰዎች በስተርጅና በሁለት በር ተለያየን።

አሁን ቅሬታዬን በተራ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ አዳልተሃል እንዳልባል ከመንግሥት እጀምራለሁ። ኦዶንጎ ዕድሜ ልኩን ጀልባ ወደ ዳርቻ ሲጎትት ኖሮ በብሽሽቱ እብጠት ወጣበት፣ ቡአ ነው ተባለ። ወደ መንግሥት ሐኪም ቤት ሄድን። ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍልለት የጠየቀው የለም፤ ግባ አሉት፣ ገባ። ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው፣ ጓንትና ክር ገዝተህ ተራህን ጠብቅ አሉት። ገዝቶ ጠበቀ። አንዴ የማደንዘዣው ማሽን ተበላሸ ተባለ፣ አንዴ ሐኪሞቹ ደመወዝ አልተከፈለንም ብለው ሥራ አቆሙ። አንድ ጊዜ አስተኙትና ከማያውቀው ሰው ጋር ባንድ አልጋ ራስና እግር ሆነው ሰነበቱ። ልጠይቀው ስሄድ ሚስቴ ስንት ዓመት ስታኮርፈኝ እንደዚህ ሰውዬ አልረገጠችኝም ብሎ አሳቀኝ። ከዚያ ሳይቀደድ ወደ ቤት መለሱት። የገዛውን ጓንት ሚስቱ የዓሣ ቅርፊት ስታነሳበት አለቀ። ስለዚህ መንግሥትን ለመልካም አቀባበሉ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ አንድ ቅዳሜ እብጠቱ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፣ ያስመልሰው ጀመር። በሞተር ብስክሌት በመካከላችን አስቀምጠን ወደዚያው መንግሥት ሐኪም ቤት ወሰድነው። በሩ ክፍት ነበር፣ ሐኪሞቹ ግን እንደገና ሥራ አቁመዋል። ብቻዋን የቀረች አንዲት ነርስ ሆዱን ዳስሳ ፊቷ ተለወጠ። «አባቴ፣ አንጀቱ ተቋጥሯል። እዚህ አልጋ አለ፣ የሚቀድ ሰው የለም። የግል ውሰዱት፣ አሁኑኑ።»

ካርዳችሁን ከደረት ኪሴ አወጣሁ። ሐሳቡ የማንም አይደለም፣ የኔ ነው። በእኛ አገር የመድን ካርድ እንደ መረብ ነው፣ የሌለው ካለው ይዋሳል። ካርዱ ላይ ያለው ፎቶግራፍ የኔ ነው፣ የሱም ነው። ሌብነት ነው ቢሉኝ አልከራከርዎትም፤ ወንድሜ ሲሞት ካርዴን በኪሴ ይዤ ከማየት ሌባ መባል ይሻለኛል። ኪሱሙ ባለው የግል ሐኪም ቤት ተቀበሉን። ነጭ አንሶላ ተነጠፈለት፣ ትራሱ ሁለት ነበር። ስለ ትራሱ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ቆመ። ማደንዘዣው ነበረ፣ ክሩ ነበረ፣ መብራቱ ቀን አስመስሎታል። ያልነበረው የእናንተ ፈቃድ ብቻ ነው። ከናይሮቢ የተላከው ጥያቄ እብጠቱ የጀመረው ኦፒዮ በመድኑ ከመመዝገቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚል ነበር። ኦፒዮ እብጠት ኖሮት አያውቅም፤ እብጠት ያለበት ሰው ደግሞ በመድን ተመዝግቦ አያውቅም። እውነቱን የምናውቅ ሁለት ሽማግሌዎች እዚያው ክፍል ነበርን፣ ሁለታችንም ኦፒዮ ነበርን። በኋላ ነው አልን። በኋላ መሆኑ ይጣራል፣ የሚያጣራው ሰው ሰኞ ይገባል ተባልን።

እሑድ ነርሷ ገብታ «ሚስተር ኦፒዮ» ብላ ስትጠራ ኦዶንጎ እሷን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። ለዚያች ቅጽበት በኔ ስም መተኛቱን የረሳ ሰው ዓይን ነበረው። እሷ ስትወጣ አንጓዬን ያዘና እንዲህ አለኝ፦

«ኦፒ፣ በአንተ ስም ልሞት ነው እኮ። ከዚህ ስታወጣኝ ስሜን መልስልኝ። እነ አባባ እዚያ ሲጠሩኝ አቤት የምለው በማን ስም ነው?»

እመልስልሃለሁ አልኩት። ሰኞ ከቀትር በፊት እንኳን ደስ አለዎት፣ ጥያቄዎ ተፈቅዷል የሚል መልእክት ደረሰን። ከቀትር በኋላ ሲከፍቱት አንጀቱ ጠቁሯል። ምሽቱን አልዘለቀም። ፈቃዱ ዘገየ ብዬ አልከስም። ፈቃዱ አልዘገየም፤ ወንድሜ ነው የቸኮለው።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ላቁምና አንድ ነገር ልበል። የተማሩ ሰዎች በሬዲዮ የግሉ ይሻላል፣ የመንግሥቱ ይሻላል እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። በአንድ መልክ ሁለቱንም ቤት ያየን እኛ ነን፤ እኛን የጠየቀ የለም። የመንግሥቱ ቤት በሩ ክፍት ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው። የእናንተ ውስጡ ሙሉ ነው፣ በሩ ግን ያለው ናይሮቢ ነው። እዚያ ተራ ጠበቀ፣ እዚህ ፈቃድ ጠበቀ፤ የጠበቀው ያው አንድ አንጀት ነው። በእኛ ዳርቻ ጀልባ ሲገለበጥ በዚያ ቀን ዓሣ የሚያጠምድ የለም፣ ሁሉም ጀልባ ለፍለጋ ይወጣል። የሰጠመው ሰው መዋጮውን ከፍሏል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ቢገኝ በመቅዘፊያ ነው የምንለው። ሁላችንም ዓሣ በሸጥን ቁጥር ትንሽ ትንሽ ለማኅበሩ የምንሰጠው ለዚያች ቀን ነው። መንግሥት ይህን ከእኛ የተማረ ይመስለኛል፤ ከሁላችን ሰበሰበ፣ ከዚያ ጀልባ መግዛቱን ረሳ። እናንተ ደግሞ ጀልባውን ገዛችሁ፣ ነገር ግን የሚሰጥመው ሰው መታወቂያውን ከውሃ በላይ ከፍ አድርጎ ካላሳየ አትቀዝፉም። ከሁለታችሁ የቱ ይሻላል ቢሉኝ፣ የረሳውን ማስታወስ ይቻላል፤ አስታውሶ የማይቀዝፈውን ምን ላድርገው?

አራተኛ፦ ወንድሜን ልወስድ ወደ ሬሳ ማቆያው ሄድኩ። ጽሕፈት ቤቱ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት፣ በሁለት እጇ ነው የተቀበለችኝ። መታወቂያዬን አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ እንደገና እኔን አየች። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሲስተሙ ላይ ሞተዋል» አለችኝ። ለአስከሬኑ የምትፈርመው የሟች ሚስት ናት ብላ የኔን ሚስት አስጠራች። ሚስቴ ያንን ሁሉ መንገድ መጥታ ነገሩን ስትሰማ፣ በሕይወት ያለውን ይህን ሁሉ ዘመን መሸከሜ ሳያንስ የሞተውንም ፈርመሽ ውሰጂ ትሉኛላችሁ ብላ አልፈርምም አለች። የኦዶንጎ ሚስት፣ ከአሴምቦ ስለመጣች ኛር አሴምቦ የምንላት፣ ውጭ ሳሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። በወረቀታችሁ ባሏ አልሞተምና ወደ ውስጥ አላስገቧትም።

ስንተኛ ላይ ደረስን? ጸሐፊዋ አምስተኛ ትላለች። አምስተኛው ሚስተር ኪቤት የተባለው መርማሪዎ ነው። ቤቴ ድረስ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ፤ ከዚህ ማንጎ ሥር ተቀምጦ ዓሣችንን በላ፣ ጣፈጠኝም አለ። ነገሩን ሁሉ ያውቅ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁለት መንገድ አሳየኝ። ዝም ካልኩ ድርጅታችሁ የሐኪም ቤቱን ሒሳብ ይዘጋል፣ የሬሳ ሣጥን ሳይቀር ይገዛል፣ ኦዶንጎም ኦፒዮ ተብሎ ይቀበራል። ከተናገርኩ ሒሳቡ ወደ እኛ ይዞራል፣ እስኪከፈል አስከሬኑ አይወጣም፣ የልጄ ካርድ ይሰረዛል፣ ፖሊስም ይመጣል።

«ሽማግሌ፣» አለኝ እጁን እየታጠበ፣ «ሞተው ይቆዩ። ለሁሉም የሚሻለው እሱ ነው።»

በማግስቱ ወደ አካባቢያችን ሹም ሄጄ እኔ አልሞትኩም፣ የሞተው ኦዶንጎ ራዲዶ ነው ብዬ አውራ ጣቴን አተምኩ። ሚስተር ኪቤት የተናገረው ሁሉ አንድም ሳይቀር ተፈጸመ፤ ሐቀኛ ሰው ነው፣ ደመወዝ ይጨምሩለት። ሐኪም ቤቱ መድኑ ይክፈል ይላል፣ መድኑ ኦፒዮ ይሙት ይላል፣ ወንድሜ በመካከላችሁ ተኝቷል። ልጄን አኬዮን አሠሪዎቿ እየመረመሯት ነው። ደውላ «አባ፣ ከሱ ጋር እኔንም ቀበርከኝ» ብላኝ ስልኩን ዘጋች፣ ከዚያ ወዲህ አታነሳም። ይህችን ስድስተኛ ቅሬታ ብዬ አልቆጥራትም።

የመጨረሻው ይህ ነው። እርስዎ የሐይቅ ሰው አይደሉምና ያጎን አያውቁት ይሆናል። ከዛፉ ላይ እንደ ሰው ክንድ ተንጠልጥሎ የሚያድግ ከባድ ፍሬ ነው። ሐይቁ ሰው ውጦ አልመልስም ሲል በሟቹ ፈንታ ያጎ ተከፍኖ ይቀበራል። ሽማግሌዎቹ መጥተው ለኦዶንጎም እንዲሁ እናድርግ ሲሉኝ ተቆጣሁ። ኦዶንጎ አልሰጠመም፣ በየትኛው በር ኋላ እንደተኛ አውቃለሁ፣ አስከሬኑን ለያዘ ሕያው ሌባ ጥዬው ፍሬ አልቀብርም አልኳቸው። ባል የሞተባት ሴት በእኛ ዘንድ ቀብሩ ሳይፈጸም የሰው ደጃፍ አትረግጥም፣ ገበያም አትወጣም፣ ዘርም አትዘራም። ኛር አሴምቦ ከጎጆዋ በር ላይ ሆና ሰማችን።

«ኦፒዮ፣ አንተ ከመድኑ ጋር ተከራከር፣ ደግ ነው። እኔ ግን ባሏ የሞተባትም ያልሞተባትም ሆኜ ዝናቡ አይግባብኝ። ቅበሩልኝ።»

እሷ ያለችው ሆነ። በግቢው፣ በቤቱ አጠገብ ቆፈርን። ፍሬውን በሸማ ጠቅልለን አወረድነው፤ ለፍሬ ቢከብድም ለሰው ቀላል ነበር፣ ወንድሜ ግን ከባድ ሰው ነው። ቄሱ ኦዶንጎ ራዲዶ ብሎ ጠራው። ስሙን እንደ ቃሌ መለስኩለት። አካሉን ያልመለስኩት እናንተ ስለያዛችሁት ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልለምንዎት ፈልጌ ነበር፣ አንደበቴ አልታዘዝ አለኝ፣ ስለዚህ እነግርዎታለሁ። ሐይቁ ክፉ ነው፣ አባቴን በልቷል። ግን ሐይቁ እንኳ የዋጠውን ሰው ጥቂት ቀን አቆይቶ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዳርቻ ይተፋዋል፤ ሲተፋው ደረሰኝ አያስይዘውም። ወንድሜ በእናንተ ዘንድ ከዚያ በላይ ቆይቷል። መልሱልኝ፤ መቃብሩን ከፍቼ ፍሬውን አውጥቼ እሱን አገባዋለሁ። ማሰርም ካስፈለገ አልሸሽም፣ ጀልባዬን ዳርቻው ላይ ገልብጬ እጠብቃችኋለሁ። ብቻ ክሱ ላይ የማንን ስም እንደምትጽፉ አስቡበት። ኦፒዮ እንዳትሉ፣ እሱ ሞቷል ብላችኋል።

ለእርስዎና ለድርጅትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሠራተኞችዎ ያልተቋረጠ የእሑድ ዕረፍት እየተመኘሁ፣ ሙት ሰው ሊሰጥ በሚችለው አክብሮት ሁሉ እሰናበታለሁ።

በመዝገብዎ ሟች፣ በዳርቻው ጀልባ ሠሪ፣
ኦፒዮ ራዲዶ
(የአውራ ጣት አሻራ፤ ጣቱ ሙቅ እንደነበረ ጸሐፊዋ ትመሰክራለች)

ግልባጭ፦
ለመንግሥት ሐኪም ቤቱ፣ የሚያነብ ሰው ሥራ ላይ ሲገኝ
ለጋዜጣው
ለአቶ ኦዶንጎ ራዲዶ፣ ባሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጸሐፊዋ ወረቀቱን እያጠፈች ሳለ ስልኬ ጮኸና አስነበብኳት። ከእናንተ ነው። «ውድ ኦፒዮ፣ በእኛ በኩል ስለታከሙ እናመሰግናለን። አገልግሎታችንን ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይስጡ» ይላል። የታከምኩት እኔ አይደለሁም። የታከመው ሰው እናንተው ዘንድ ነው፣ ማቆያው ድረስ ወርዳችሁ ጠይቁት። ስትጠይቁት ግን ኦዶንጎ ብላችሁ ጥሩት፤ በኔ ስም ብትጠሩት አይሰማም።