ድንቡሼና ዋሾው ማሽን

ኅዳር 11
በጥልቅ ሐዘን ይገለጻል፦ ግራ ካልሲዬ ተረከዙ ላይ ባደረበት ጽኑ ቀዳዳ ዛሬ ጠዋት ዐርፏል። ቀኙ መጽናናትን እንቢ ብሏል።

ሌላ ወሬ... የልዩ ሙያ ምርጫ ደረሰ። ባዮሜዲካል ምህንድስና እዚህ ላይ ይበታተናል፦ ሰው ሠራሽ እጅና እግር የሚሠራ አለ፣ የሆስፒታል ማሽን የሚጠግን አለ። የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየው ምስል ማንሻ፣ ኤክስሬይና መሰሎቹ፣ ግን የሁሉም ምኞት ነው። የእኔም። ለምን? ሁሉም ስለተመኘው። መግቢያው የተግባር ፈተና፦ የተበላሸ ኢሲጂ፣ የልብ ምት የሚጽፈውን ማሽን፣ እስከ ዓርብ ጠግኖ ማስረከብ።

አክስቴ ደወለች። «ዶክተርዬ፣ ማንን እያከምክ ነው?» «ማሽን።» «ውይ ልጄን... እሱን ደግሞ ምን ያመዋል?»

ኅዳር 12
ገመዱ ተበጥሶ ኖሯል። ቀየርን። መሞከሪያው ድንቡሼ፤ የመኝታ ክፍሌም የፈተናም አጋሬ። በእኛ ዘንድ ሕጉ አንድ ነው፦ ደረቱ ፀጉር የሌለው ይተኛል፤ ማጣበቂያው ሲነሳ ስለማይጮህ።

ወረቀቱ ወጣ። ምቱ ሁለት ሄዶ ይዘላል፣ አምስት ሄዶ ይዘላል...
«አትንቀሳቀስ እንጂ!»
«ምን ልሁንልህ፣ ልሙት?» ይስቃል።
ይመዝገብ፦ ማሽኑ ዋሾ ነው።

ኅዳር 13
አዲስ ማጣበቂያ። ይዘላል። የማሽኑን ሆድ ፈታን፣ ገጠምን። ይዘላል። ከላብራቶሪ ሌላ ማሽን ተዋስን። እሱም!
«ተማክረውብናል» አለ ድንቡሼ። ሳቅን። ግን ነገ ዓርብ ነው... ምስል ማንሻ አመለጠኝ ማለት ነው?

ኅዳር 14
መምህሩ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ወደ እኔ፦ «አንተ ተኛ።»
«ቲቸር፣ እኔ ፀጉር...»
«ተኛ!»
የእኔ ምት እንደ ወታደር ሰልፍ። አንድም ዝላይ የለ።
ድንቡሼን አየሁት። ፈገግታው ፊቱ ላይ ተረስቶ ቀርቷል።
«ደረጃ ስትወጣ ይደክምሃል?» አለው መምህሩ።
«ውፍረቴ ነው ብዬ...»
ውፍረቱ ነው ያልኩት እኮ እኔ ነኝ። ስንቴ ቀለድኩበት? ማሽን መጠርጠር ተምረናል፤ ሰውየውንስ?
ፈተናውን አለፍን። ማንንም ደስ አላለውም።

ኅዳር 15
የሆስፒታል ኮሪደር። ድንቡሼ ለምርመራ ገብቷል... አልወጣም። ቀልድ ፈለግኩ፤ የለም።

ኅዳር 18
«የሚታከም ነው። ሳትወድቅ መምጣትህ በጀህ» አለችው ሐኪሟ። መድኃኒት ጀመረ። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አፍንጫዬን ጠረግኩ፤ ጉንፋን ነው።

ምርጫዬንም አስገባሁ። የሆስፒታል ማሽኖች። ከታማሚው አልጋ አጠገብ የሚቆሙት። ድንቡሼ፦ «አበድክ? ምስል ማንሻ እጅህ ገብቶ!»

እርማት፦ ኅዳር 12 ቀን «ማሽኑ ዋሾ ነው» ተብሎ የተመዘገበው ተሰርዟል። «ማሽኑ እውነቱን ሲናገር፣ ሁለት መሐንዲሶች ሁለት ቀን ሙሉ አፉን ሊያስይዙት ታገሉ» ተብሎ ይነበብ።