በጤናዬ ታምሜ ወደ ባሕር

ጥር 20፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ካርታውን እንደገና ሣልሁት። ይኸኛው ይሻላል። ደብተሬ፣ ከሽፋንህ ጀርባ አጣብቄዋለሁ። ሞምባሳ ደሴት ናት። አውሮፕላን ማረፊያው በምዕራብ። ሆቴሉ በሰሜን፣ ከድልድዩ ማዶ። በደቡብ በኩል ድልድይ የለም፤ ሰውም መኪናም በአንድ ትልቅ ጀልባ ይሻገራል፣ እግረኛ በነጻ። የከተማው ሚኒባስ ማታቱ ይባላል። ቱክቱክ የሚሉት የእኛው ባጃጅ ነው።

ትዕግሥት በስልክ ትስቅብኛለች። ልጄ ናት፣ ናይሮቢ ትሠራለች፣ ትኬቱን የገዛችው እሷ ናት። የሆቴል መኪና አለ፣ ምን ያደክምሻል ትላለች። አልደከምሁም። አዳሪ ት/ቤት ሳለሁ ርእሰ መምህርቷ የምንሄድበትን አገር በወረቀት ሳናውቅ ከበር አታስወጣንም ነበር። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ባሕር አይቼ አላውቅም። ጣናን ባሕር የሚሉ አሉ። ሐይቅ ነው።

ያው ቀን፣ ማታ

ጥሩዬ መጣች። ጎረቤቴ ናት፣ አጥር ለአጥር። እኔ ፍ/ቤት ስውል ትዕግሥትን አዝላ ያሳደገች። ዛሬ ነጭ ሽንኩርት ትነግዳለች። ካርታውን አይታ ወዴት ሊሄዱ ነው እትዬ አለችኝ። ትዕግሥት በስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበረች፤ ቀድማኝ ለሕክምና ነው አለቻት። ጥሩዬ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እኔም አላረምሁም።

ስትወጣ ልጄን ተቆጣሁ። ታዲያ ምን ልበላት፣ ለመዝናናት? በዚህ ጊዜ? አንዱ ልጁን ቀብሮ፣ አንዱ መንገድ ተዘግቶበት፣ አሮጊቷ ባሕር ልትታጠብ ሄደች ይበሉሽ? አለችኝ። ከደባርቅ ውጭ አገር የሚሄድ ሽማግሌ ወይ ታማሚ ነው ወይ ኢየሩሳሌም ተሳላሚ። ለሦስተኛው ስም የለንም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሬጅስትራር ነበርሁ፤ ምስክር ሳስምል የኖርሁ ሴት ነኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥር 23፣ ዓርብ

ታምሜአለሁ። ከተማው ወስኗል። ጥሩዬ መጥረጊያውን ከእጄ ነጠቀች። ገበያ መውጣት ተከልክያለሁ። አልጋ ላይ ጋቢ ለብሼ ጠያቂ እቀበላለሁ። ሁሉም ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራል። የራሴ ቤት ለቅሶ ቤት ይመስላል።

የዕድሩ ሰዎችም መጡ። አቶ መኳንንት፣ ድሮ ሊማሊሞን በጭነት መኪና ሲወጣ ሲወርድ የኖረው፣ እርስዎማ ሞት ቢመጣም ተራህን ጠብቅ ብለው ቀጠሮ ይሰጡታል አለኝ። ሳቁ። ከዚያ ወዲያው አዘኑ። የት ነው የሚያምዎት አሉኝ። የትም አልሁ። እውነቱን። ተያዩ። አንዷ ለሌላዋ፣ የማያሳምመው ነው ክፉው ስትል ሰማሁ።

ጥሩ ጆሮ አለኝ። እሱንም አላመኑኝም።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

መንገዱ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ዝግ። ወደ ጎንደር አንድም መኪና የለም። በሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ውጭ መውጣት አልችልም፤ ታማሚ ነኝ። መሄድም አልችልም፤ መንገድ የለም። ካርታውን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ከቅዳሴ መልስ ጥሩዬ ገባች። ፊቷ በርቷል። ተሳልሁልዎት አለችኝ። የካቲት 14 ድነው በእግርዎ ከገቡልኝ፣ ጊደሯን ለኪዳነ ምሕረት፣ ለ16ቱ ንግሥ። በሕዝቡ ፊት ተናግራለች። አባም እግዚአብሔር ይቀበልሽ ብለዋታል።

ያላት ያቺው አንዲት ጊደር ናት። ጥጃ እያለች ያሳደገቻት፣ በሚመጣው ዓመት ወተት አያለሁ የምትላት።

ጥሩዬ፣ አልታመምሁም አልኋት። አይዞዎት እያለች እግሬን በብርድ ልብስ ሸፈነችው።

ለትዕግሥት ደወልሁ። እስክንመለስ ትረሳዋለች አለች። ስለት የሚረሳ ሰው የት አይታ ነው? ናይሮቢ?

የካቲት 6፣ ሐሙስ፣ ቦሌ

መንገዱ ተከፈተ። ጎንደር ደረስሁ፣ በረርሁ፣ አዲስ አበባ ነኝ። እና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ።

ትዕግሥት ናት ያዘዘችው። እንዳልጠፋ። የምትገፋኝን ልጅ በእንግሊዝኛ መራመድ እችላለሁ አልኋት፤ እንግሊዝኛ ስጀምር የደነገጠች መሰለኝ። በአማርኛ፣ እማማ ቢራመዱ እኔ ነኝ የምጠየቀው፣ ይቀመጡልኝ አለችኝ። ተቀመጥሁ። እዚህ በግድግዳው ጥግ ተደርድረናል፣ ሁላችንም ነጠላ የለበስን እናቶች፣ ሁላችንም በወንበር። ከጎኔ ያሉት ከደብረ ታቦር ናቸው። እግርዎን ነው ወይ አሉኝ። አይደለም አልሁ። የእኔም አይደለም አሉ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ፣ ሞምባሳ

ባሕሩ በመስኮቱ በኩል አለ። ሰማያዊ አይደለም። ጠዋት እንደ ተልባ ውኃ፣ ቀትር ላይ አረንጓዴ፣ ማታ ስም የለሽ። ድምፁ አያቋርጥም። ደስ ይላል። ያስፈራልም። መስኮቱ አይከፈትም፤ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል ይላሉ።

ትዕግሥት ቀን ቀን በረንዳው ላይ ሆና በኮምፒውተር ትሠራለች። ማታ በመኪና ያዞሩናል፣ መስኮት ተዘግቶ። ማታቱውን ካርታው ላይ እንደ ጻፍሁት አየሁት። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል፤ ቋንቋው ሌላ፣ ጩኸቱ የእኛው። ልሳፈርበት አልሁ። ስልክ ይነጥቁሻል፣ ትጠፊያለሽ አለች።

ፎቶም የለም። ሰው እጅ ከገባ ሕክምና ላይ ያለች ሴት አሸዋ ላይ ምን ትሠራለች ይሉናል ትላለች። ስለዚህ እዚህም ታማሚ ነኝ። ሙቀቱ ብቻ ነው የተለወጠው።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ጥሩዬ ደወለች። ሐኪሙ ምን አለዎት? መልስ ሳልሰጥ ትዕግሥት ስልኩን ወሰደች። ምርመራ ላይ ናት፣ ደኅና ናት፣ አታስቢ። የጥሩዬ ድምፅ እስከ እኔ ይሰማል። ጊደሯን ከሰው ሣር እየገዛች እያበላቻት ነው። ለማርያም ከስታ አትቀርብም ትላለች።

ምሳ አልበላሁም። ትዕግሥት ዓሣው አልተስማማሽም አለችኝ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ወጣሁ።

ትዕግሥት ስብሰባ ላይ ነበረች፣ ጆሮዋ ተደፍኖ። ጫማዬን አጥብቄ፣ ቦርሳዬን በነጠላዬ ሥር፣ በዋናው በር። ዘበኛው ታክሲ ልጥራ አለ፤ አልፈልግም አልሁት። ማታቱ ላይ ወጣሁ። ከመኻል ከተማ ወዲያ በቱክቱክ። ሹፌሩ ዋጋ ቆለለብኝ፣ ልወርድ ስል ቀነሰ። ካርታዬ ትክክል ነበር። አንድ መንገድ ብቻ አጥፍቼ ነበር፤ አርሜዋለሁ።

ጀልባው ላይ ሰው እንደ በግ ይነዳል። ማንም የት ነው የሚያምሽ አላለኝም። አንዷ ሴት ዶሮዋን አስያዘችኝና ልጇን አስተካክላ አዘለች፣ ዶሮዋን መልሳ ተቀበለችኝ። ከዳር ቆምሁ፣ ብረቱን ይዤ። ከእግሬ በታች ውኃ ብቻ። ልቤ ሰፋ፣ ደብተሬ። ሌላ ቃል አልፈልግለትም።

እዚያው ላይ ሆኜ ለጥሩዬ ደወልሁ። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ።

«ጥሩዬ፣ ስሚኝ። አልታመምሁም። ወደ ባሕር ነው የመጣሁት፣ ለማየት። ስለትሽን አንሺ።»

«እትዬ፣ ማን አለዎት አልታመሙም ብሎ?»

«ማንም። እኔ ነኝ የምነግርሽ።»

«እህ… ትዕግሥት ናታ እንዲህ ያለችዎት። ደብቀውዎታል፣ እመቤቴን። የከፋ ሲሆን ለታማሚው አይነግሩትም እኮ። የእኔን ባል እስከ መጨረሻው ጨጓራ ነው ስንለው አልነበር?»

አለቀሰች። እኔን ለማጽናናት ጀመረች። ጀልባው ማዶ ደረሰ። ጃንጥላም ጨመረች፣ ለታቦቱ።

እውነቱን በተናገርሁ ቁጥር ሞቴ ይቀርባል።

ያው ቀን፣ ማታ

ትዕግሥት ፖሊስ ልትጠራ ስትል ነው የደረስሁት። አለቀሰች፣ ጮኸች።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

አሰብሁ። ከነገ ወዲያ ብገባ ዳነች ይባላል፤ ጊደሯ ትሄዳለች። ዛሬውኑ ብገባ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው መለሷት ይባላል፤ ስለቱ ይበዛል። ብቀር ሞተች። በእኔ በኩል በር የለም። ሐሰት ቃል የሰጠ ራሱ ቀርቦ ያነሣል፤ ፍ/ቤት እንዲህ ነው።

ለትዕግሥት እንዲሁ ነገርኋት። አንቺ ደውለሽ ዋሽቼ ነው በያት። እስክትያት ከዚህ ወንበር አልነሣም፣ አውሮፕላን አልሳፈርም። ለአንዲት ጊደር አለች። ለጊደሯ አይደለም አልኋት። ያዘለችኝ ሴት ናት፣ በምን አፌ ልበላት አለች። ለዚህ ነው አንቺ የምትዪያት አልሁ።

ጫማዬን አወለቅሁ። ተቀመጥሁ። አንድ ሰዓት ያህል ባሕሩን አየሁ።

አሁን በረንዳው ላይ ናት፣ ስልኩ በእጇ። በመስታወቱ በኩል ጀርባዋን አያለሁ። አይሰማኝም። ወዲያና ወዲህ ትላለች። ቆመች። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ልክ እንደ ልጅነቷ፣ ጉልበቷን አቅፋ።

በሩን ከፈተች። አንቺን ትፈልግሻለች አለችኝ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ጥሩዬ ናት። ለእርስዎ ያነባሁትን እንባ ማን ይመልስልኛል አለችኝ። ማንም አልኋት። ብዙ ተናገረች፤ አልጽፈውም፣ ይገባኛል። ስለትሽን አባ ይፍቱልሽ፣ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ አልሁ። አልፈልግም አለች። በሰው ፊት ከአፌ ወጥቷል፤ ማርያም ከእኔ እንጂ ከእርስዎ በሽታ ጋር አልተዋዋለችም፤ ጊደሬ ትሄዳለች።

የሚከራከሩት ነገር አይደለም። ብዙ ሰው አከራክሬ አውቃለሁ፣ ይህን አውቀዋለሁ።

እንግዲያው ላሜ ክብድ ናት፣ የምትወልደው ያንቺ ነው አልኋት።

«ይህስ ለየትኛው በሽታዎ ነው?» አለችኝ።

ሳቅሁ። እሷም ሳትወድ ሳቀች፤ ሰማኋት። ኔትወርኩ ተቋረጠ። ትታረቀኝ አትታረቀኝ አላውቅም። ስገባ አያለሁ።

ትዕግሥት ፊቷን ታጥባ መጣች። የነገውን የአውሮፕላን ማረፊያ መኪና ልዘዝ አለችኝ። አትዘዢ አልሁ። የቦሌውንም ወንበር አሰርዢው። ነገ ጠዋት፣ ከበረራው በፊት፣ ወደ ጀልባው እሄዳለሁ፣ በማታቱ፣ ብቻዬን። ልትከተለኝ ከፈለገች መጥታ ከኋላ ትሳፈር። ፈቃድ አልጠየቅሁም፤ ነገርኋት።