ያልነቀልኩት ካሮት

የኔ ልጅ፣ የረገጥሽው ይለምልም፤ እግርሽን እንቅፋት አይንካው። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱ ብቻ ሰፍቶኛል፤ ዛሬም ሁለት ሰሃን አውጥቼ አንዱን መለስኩ።

ለአጥሩ ጥግ የጸደይ መጨረሻ አበባ እየመረጥኩ ነው። ቀጭን አገዳ ላይ እንደ ዣንጥላ የሚዘረጋና ነፋስ በመሃሉ የሚያልፍበት እፈልጋለሁ። ቢጫ እንስላልና ነጭ ድንብላል አሰብኩ። አምና አብረን የዘራነውን ካሮትም አልነቀልኩትም።

አከራዬ፣ "አንቺ ልጅ፣ እንጨት ሆነ እኮ! የተማረ ሰው ካሮት ለአበባ ያስቀምጣል?" ብለው ሳቁብኝ።

"ካልነቀሉት በሁለተኛው ዓመት ያብባል፣ እትዬ።"

"ይሄንንም መጽሐፍ ነገረሽ?"

"አዎ፣ አንብቤ ነው።"

አባትሽ አንቺን ሲወስድ ያመጣልኝን ወረቀት ግን "ለሦስት ወር ዕረፍት ብቻ ነው" ስላለኝ ሳላነብ ፈረምኩ። እናትሽ ሰጠችሽ ቢሉሽ ውሸት ነው። እሱን አመንኩ እንጂ አንቺን አልሰጠሁም። ፍርድ ቤት እየተመላለስኩ ነው፤ እስክትመጪ አልተውም።

በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ከቢጫውና ከነጩ የምትመርጪውን በራስሽ እጅ ጽፈሽ ላኪልኝ። ይህ ሰባተኛ ደብዳቤዬ ነው፤ አንዱ እንኳ እጅሽ መግባቱን በዚያ አውቃለሁ።

እናትሽ