በስፌት ውስጥ የተተወ ጨርቅ

ልጄ ዓለሜ፣ የረገጥሽው ይለምልም፣ የጀመርሽው ይቃናልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

አባትሽ ዛሬም ይሰፋል። ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ገበያውን ሲሞላው ሱቁን ዘግቶ የሆስፒታል አንሶላ ሲሰፋ ኖረ፤ እኔ ስታመም ደግሞ የስፌት መኪናውን ሸፍኖ ሦስት ዓመት አስታመመኝ፤ ስድን እንደገና ከአንድ ጀመረ።

ትናንት አንድ ወጣት የሟች አባቱን ኮት ይዞ መጣ፤ «ጠቦኛል፣ ያስፉልኝ።» አባትሽ ስፌቱን ሲፈታው፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ራሱ ሲሰፋው ወደ ውስጥ አጥፎ የተወው ሁለት ጣት ጨርቅ እንደ አዲስ ወጣ። «ያኔ ያልተወለደውን ልጅ ትከሻ ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ሰው ባለበት አይቀርማ» አለኝ።

አንቺም በአዲሱ ሥራ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ ብለሽ አትሸማቀቂ። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ደግሞ ልክሽን ላኪልን፤ ኮት ሊሰፋልሽ ነው፣ ትርፍ ጨርቅ ትቶ።

እናትሽ