ስለዚያ የፔይንትቦል ጠመንጃህ ጉዳይ

ግርምዬ፣ የኔ ጌታ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ለሞተ ሰው እንዲህ ይባላል እንዴ ብዬ ተውኩት። ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሊሆን ነው። ሪያድ ያው እንደለመድካት ናት፤ ሙቀቷም ያው ነው። ነሲም ሰፈር ያለው ቤታችንም አለ፣ ኤሲው ብቻ ተበላሽቶ ተሠርቷል። እኔም ሆስፒታሌን እመላለሳለሁ። ደህና ነን እንዳልልህ ግን ንድድ ብሎኛል፤ የተናደድኩትም በአንተው ነው። በዚያ ቀለም የሞላው ኳስ በሚተኩሰው የፔይንትቦል ጠመንጃህ ምክንያት።

ማርከር በይው እንጂ ጠመንጃ አትበይው እያልክ ስንቴ አርመኸኛል። ይኸው ጠመንጃ ብየዋለሁ፤ ና ተቆጣኝ።

ልጅህ ሊዲያ አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት። አርባህ ከወጣ በኋላ ጓደኞችህ፣ ለሁለት ተከፍላችሁ በምትታኮሱበት የፔይንትቦል ቡድናችሁ ውስጥ የነበረህን ቦታ ለእሷ ሰጧት። በየጁምዓው ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ከከተማ ወጣ ወዳለው ሜዳ እወስዳታለሁ፤ ያንተን ጠመንጃ ይዛ ትሰለፋለች። ቀልድ እንዳይመስልህ። አንተን ከቀበርን ወዲህ ክፍሏን ዘግታ የተቀመጠችን ልጅ ከአልጋዋ ያስነሳት ይሄ ጨዋታ ነው። ከቀረባት ተመልሳ በሯን እንደምትዘጋ አውቃለሁ፤ እኔ ደግሞ ያንን በር ዳግመኛ የማንኳኳበት አቅም የለኝም።

ጠመንጃህ ግን አዋረዳት። ገና መተኮስ ስትጀምር ኳሱ እዚያው ውስጡ ይፈነዳል፣ ቀለሙ ይዝረከረካል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ኳስ ወዴት እንደሚሄድ እሱ ይወቀው። ጓደኛህን ተስፋዬን አማከርኩት፤ መቼም እሱ የማያውቀው ነገር የለም። ዕቃው ጥሩ ነው፣ አፈሙዙን ብቻ ቀይሩለት አለ። ቀየርን፤ ጭራሽ ባሰበት። ከላይ ኳስ የሚጨመርበትን ዕቃ በባትሪ በሚሠራ ቀይሩት አለ። ቀየርን፤ ያው ነው። አሁን ደግሞ ምላጩ ነው አለኝ። አፈሙዙን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ሆዴ ባባ። እንዲህ እየፈታታን ከቀየርነው ያንተ የሚሆነው ምኑ ሊቀር ነው? ሊዲያ በበኩሏ ይሄ ለጀማሪ የሚሸጥ ተራ ዕቃ ነው፣ ምርጡ ይገዛልኝ ብላ ድርቅ አለች። አንድ ቀን ጭራሽ ቆርቆሮ አለችው። ያን ዕለት ደሜ ፈላ፤ ምሳም ሳልበላ ዋልኩ።

ጉዱ የተገለጠልኝ መኪናው ጋ ነው። አንድ ቀን ቀትር ላይ ከሥራ ወጥቼ አስቤዛ ልጭን ከኋላ ስከፍተው የኳሱ ካርቶን ተቀዶ አገኘሁት። አንዱን ሳነሳው እንደ በሰለ ቲማቲም እጄ ላይ ልምሽሽ አለ። ሌሎቹም ተጣብቀዋል፣ ቅርጻቸው ጠፍቷል። አንተ ካርቶኑን አልጋችን ሥር፣ ኤሲው ባለበት ታስቀምጠው ነበር። እኔ መኝታ ቤቴን መጋዘን አደረግከው እያልኩ ስጨቃጨቅህ ኖሬ፣ አንተ ስትሄድ አውጥቼ መኪና ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ ወዲህ የገዛሁትንም እዚያው። በሪያድ ሙቀት! እስቲ አሁን በማን ልፍረድ? ስለ አየር ግፊቱ፣ ስለ አፈሙዙ ርዝመት፣ ስለማልሰማህ ነገር ሁሉ ስትደሰኩር ታመሽ ነበር። ሙቀት ስለማይችል ነው ብለህ አንዲት ቃል ብትጨምር ምን ነበረበት?

አዲስ ኳስ ገዝቼ ቤት አስቀመጥኩ፤ የጥንቱን አፈሙዝህንም መለስኩለት። በሚቀጥለው ጁምዓ ጠመንጃህ አንድም ኳስ ሳያፈነዳ ዋለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ኸላስ፣ አዲስ መግዛት ቀረ፣ ገላገልከኝ አልኩ። ስንመለስ ግን ሊዲያ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ብቻ ታያለች። ምን ሆንሽ ብዬ ስነዘንዛት ነው የተናገረችው። ይሄን ጠመንጃ ከያዝኩ ማንም አይተኩስብኝም አለች። ያንተ መሆኑን ከሩቅ ሲለዩት ተስፋዬም ሌሎቹም አፈሙዛቸውን ዝቅ አድርገው ያልፏታል፣ ሌላ ሰው ይመታሉ፤ እስከ ዛሬ የማንም ቀለም አርፎባት አያውቅም። እኔ የምሄደው ልጫወት ነው፣ ሊታዘንልኝ አይደለም ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ በጓደኞችህ ደግነት በገንኩ። እነሱንስ ምን ብዬ ልሳደብ?

ገዛሁላት። ምርጡን ነው የገዛሁላት፤ አንተ ብትኖር አታስገዛኝም ነበር፣ አውቃለሁ። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መረጠች፣ ከየትም ቢታይ ያንተን የማይመስል። ያንተው የእኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከእንግዲህ ተስፋዬ ምላጩን አይነካውም።

ባለፈው ጁምዓ ጨዋታው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ተስፋዬ ትከሻዋ ላይ መታት። ከመረቡ ውጭ ሆኜ አየሁት። እንዴት የልጄን ትከሻ ብዬ ልጮህበት ተነሳሁ። እሷ ግን የተመታ ሰው እንደሚያደርገው እጇን ሰቅላ ከሜዳው እየሮጠች ወጣች፤ ትከሻዋ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆኗል። ጭንብሏን አወለቀችና መታኝ፣ እማዬ፣ መታኝ እያለች በሳቅ ፈነዳች። ከቀብርህ ወዲህ ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እኔ መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ይሄን ሳታይ በመሄድህ ደግሞ አዲስ ንዴት ይዞኛል፣ ግርምዬ። ትረሳኝ ይሆን ብለህ እንዳትሰጋ፤ የረሱትን ሰው ማን እንዲህ ይቆጣል? በየጁምዓው ከመረቡ ውጭ ቆሜ፣ ልጅህ በተመታች ቁጥር አንተን እየተቆጣሁ እኖራለሁ።

ያንተዋ አልማዝ